ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ፣ በአንዲት የጌም ካሴት ምክንያት

አቃቂ ላይ ሰው የሚነቃው በመኪና ድምፅ ነው። ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭነው የሚገቡ ተሳቢዎች፣ ባዶአቸውን የሚመለሱ ቦቴዎች፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ የሚጣደፉ ሚኒባሶች ጎህ ሳይቀድ መንገዱን ይይዙታል። ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ግን እኔ መኪኖቹን ቀደምኳቸው። ወንበር አስጠግቼ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተንጠራራሁ። በዚህ ዕድሜ ከወንበር የወደቀች ሴት ዳሌዋ ምን እንደሚሆን በሥራ ዘመኔ ስንቱን አይቻለሁ፤ ቢሆንም ወጣሁ። ከሃያ ዓመት በላይ እጅ ያልነካውን የጫማ ካርቶን አውርጄ፣ አቧራውን ጠርጌ ከፈትኩት።

ውስጡ የልጄ ጌም ነበር። ነጩ ፕላስቲክ በእርጅና ወደ ቢጫነት ሄዷል። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አዳፕተር፣ አንድ የፕላስቲክ ሽጉጥና አንዲት ቢጫ ካሴት። ካሴት ስል የዘፈኑን ማለቴ እንዳልሆነ በዚያ ዘመን ልጅ ያሳደጋችሁ ታውቃላችሁ። በ1990ዎቹ ልጆቻችን ካሴት የሚሉት መዳፍ የምታህለውን፣ ማሽኑ አናት ላይ ባለው ክፍተት ተጭና የምትገባውን የፕላስቲክ ሣጥን ነበር። ጨዋታው ያለው ማሽኑ ውስጥ ሳይሆን እሷ ውስጥ ነው። ካሴት ሲቀየር ጨዋታው ይቀየራል።

ከአራት ቀን በፊት ልጄ ከካናዳ ደውሎ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይዞ ለገና ሊመጣ ነው። ስለ ትኬትና ስለ ብርድ ካወራን በኋላ እየሳቀ፣ «እማዬ፣ ያንን ጌሜን ለቆራሌው የሰጠሽው ጊዜ ትዝ ይልሻል? አሁን እዚህ ሰው እንዲህ ያለውን አሮጌ ዕቃ እያሳደደ በውድ ይገዛል። ለልጄ ባሳየው እንዴት ደስ ባለኝ!» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሳቄ አልቆየም። ጌሙን ለቆራሌው አልሰጠሁትም ነበር። ለልጄ የነገርኩት ውሸት ነው። ካርቶኑም ይኸው ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከራሴ በላይ ተቀምጦ ኖሯል።

እንግዲህ ሊሠራ የሚችል ከሆነ አሠርቼ፣ ልጄ ሳይመጣ እውነቱን ልነግረው ቆርጬ ካርቶኑን በፌስታል አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ቤቴ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ወደ ከተማዋ ከመግባቱ በፊት ከሚቆምባቸው ጣቢያዎች አንዷ አቃቂ ነበረች። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመሩ ሌላ ነው። በአሮጌው ሐዲድ ዳር አሁን ሣር በቅሏል፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ፋብሪካዎቹ ግን ሐዲዱንና መንገዱን ተከትለው የመጡ ናቸው፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ የምግብ ፋብሪካው፣ በኋላም የመለዋወጫ ፋብሪካው።

አቃቂንና ቃሊቲን ያልኖረባቸው ሰው አንድ ነገር ላይገባው ይችላል። እዚህ ብዙ ቤተሰብ የኖረው በፈረቃ ነው። አባት ጠዋት ሲገባ እናት ማታ ትወጣለች። የእኛም ቤት እንደዚያው ነበር። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ እኔ ነርስ ሆኜ በጤና ጣቢያ አዳር እገባ ነበር። አንዳንድ ሳምንት የምንገናኘው በር ላይ ነው፤ እሱ ሲወጣ እኔ ስገባ። የቤታቸውን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚውሉ ልጆች በሰፈሩ ሞልተው ነበር። አንዱ የእኔ ነው።

እነዚያን ልጆች የሚሰበስባቸው ጌም ቤት ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በር ላይ የተንጠለጠለ መጋረጃ፣ ደጁ ላይ ጆተኒ፣ ውስጡ አንድ ቴሌቪዥንና ሁለት ጆይስቲክ። ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። ሕጉ አጭር ነው፤ የሞተ ለተረኛ ይለቃል። ብዙ ወላጅ ቦታውን እንደ ጠጅ ቤት ያየው ነበር። ባለቤቴ ግን በተለየ መንገድ አሰበ። «ሄዶ መጫወቱ ካልቀረ ቤቱ ይጫወት» አለና በ1991 ዓ.ም. የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ይዞ መርካቶ ወርዶ ማሽኑን ገዛለት። አብሮት የመጣው ካሴት ላይ 9999 ጨዋታ አለበት ተብሎ ተጽፏል። ልጆቹ ተቀምጠው ቆጠሩት። ከተወሰኑ ጨዋታዎች በኋላ ያው ራሱ በሌላ ቁጥር ይደገማል። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ስለዚህ ልጁ ሌላ ካሴት መፈለግ ነበረበት፤ ታሪኩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የአንድ ካሴት ዋጋ ለአንድ ልጅ አይቀመስም። ነገር ግን ስድስት ልጆች አንድ አንድ ካሴት ካላቸው ስድስቱም ስድስት ካሴት አላቸው ማለት ነው። ሱፐር ማሪዮ ያለው ለኮንትራ ይቀይራል፤ ኮንትራ ያለው ለታንክ። ዛሬ ሳስበው ዕቁብ ነበር። ዳኛ የለው፣ ጸሐፊ የለው፣ የልጅ ዕቁብ። የሚያስረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያዋስከው ልጅ ይመልሳል። መመለስ ያልቻለ ከዕቁቡ ወጣ። ያን ጊዜ እኔ ይህን አላየሁም። ያየሁት ልጅ፣ ሽቦና ስክሪን ብቻ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. የሰባተኛ ክፍል የመጀመሪያ መንፈቅ ካርዱ መጣ። ከአራተኛ ወደ ሃያ አንደኛ ወርዷል። ከአዳር ገብቼ እንቅልፍ ሳይኖረኝ ነው ያየሁት። አልጮህኩም፤ አልመታሁትም። ትምህርት ቤት እያለ ማሽኑን ከነካሴቱ ካርቶን ውስጥ ከተትኩና ቁም ሣጥኑ ላይ ከጎኑ ብርድ ልብስ አድርጌ ደበቅኩት። ሲመጣ፣ «ለቆራሌው ሰጠሁት» አልኩት። ፊቱ ነጣ። «ካሴቱንም?» አለኝ። «ካሴቱንም።» ሌላ ምንም አላለም። እኔም ጥሩ ቅጣት አገኘሁ ብዬ ተኛሁ።

ይህን እያሰብኩ ታክሲ ይዤ ወደ ቃሊቲ ሄድኩ። መንገዱ ዝግ ያለ ነው። በጉምሩክ በኩል የሚገቡትና የሚወጡት የጭነት መኪኖች ተሰልፈዋል። ረዳቱ «መናኸሪያ፣ መናኸሪያ!» ይላል። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ከምኒልክ አደባባይ የሚነሳው ቀላል ባቡር የሚያልቀው እዚሁ ቃሊቲ በመሆኑ፣ በባቡሩ የመጣው ሰው እዚህ ወርዶ ታክሲ ይጋፋል። ሰው በሚበዛበት ደግሞ ጠጋኝ ይበዛል፤ ጫማ ጠጋኝ፣ ጃንጥላ ጠጋኝ፣ ስልክ ጠጋኝ። የጎረቤት ልጅ የጠቆመኝ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ የአልጋ ስፋት ባላት ክፍል ውስጥ ነው።

ጠጋኙ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። ጠረጴዛው ላይ የተበተኑ ስልኮች ሞልተዋል። ካርቶኑን ከፍቼ ሳሳየው እጁን በሱሪው ጠርጎ ተነሳ። «እማማ፣ ይሄን ከየት አገኙት?» አለኝ። ነርስ እንደነበርኩ ስነግረው ደግሞ «እማማ» ማለቱን ትቶ «ሲስተር» ማለት ጀመረ። ካሴቷን በሁለት ጣቱ አንስቶ እንደ ልማዱ ወደ አፉ አስጠጋና ሊያነፍስባት ሲል ራሱ ቆመና ሳቀ።

«እኛ ድሮ እፍ እንል ነበር ሲስተር። ስህተት ነው።»

ነገሩን አስረዳኝ። ካሴቷ ውስጥ የምትሽከረከር ክር የለችም። ያለው አንድ ሰሌዳና ጨዋታው የተጻፈበት ቺፕ ነው። ከሰሌዳው ጠርዝ ላይ ወርቅማ መልክ ያላቸው ስልሳ ቀጫጭን የብረት ጥርሶች አሉ፤ በማሽኑ ውስጥ ካሉት ስልሳዎቹ ጋር ካልገጠሙ ስክሪኑ ይጥበረበራል ወይም ይጨልማል። ልጆች አውጥተው እፍ ብለው ሲመልሱት ይሠራል። የሠራው ግን ትንፋሹ አይደለም፤ መውጣትና መግባቱ ነው። ትንፋሹ እንዲያውም እርጥበትና ምራቅ እየተወ በጊዜ ብዛት ብረቱን ያዝገዋል።

ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ያወጣውን ሳይ ሳቄ መጣ። ጥጥና አልኮል! ሠላሳ ስንት ዓመት በእጄ የያዝኩት ዕቃ ነው። «ስጠኝ፣ ይሄንስ እኔ እችላለሁ» አልኩት። ጥጡን በአልኮል ነክሬ ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ አቅጣጫ፣ የተጠቀምኩበትን ሳልመልስ አጸዳሁ። መርፌ ከመውጋቴ በፊት የሕፃን ክንድ እንደማጸዳው። አምስት ጥጥ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ስድስተኛው ንጹሕ ነበር።

ማሽኑ በራሱ በኩል አዳፕተሩ ተበላሽቶ ኖሯል። ጠጋኙ ሌላ ባለ 9 ቮልት ሲፈልግ እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ማየት ጀመርኩ። አንድ ግራጫ በእጅ የሚያዝ ጌም ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ከውጭ የመጣ ደንበኛ ጥሎት የሄደ ጌምቦይ ነው አለኝ። ጌምቦይ በጃፓን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የሠራው መሐንዲስ ጉንፔ ዮኮይ ሆን ብሎ ቀለም የሌለው ርካሽ ስክሪን መረጠለት። ተወዳዳሪዎቹ ባለ ቀለም ስክሪን ይዘው ባትሪ ሲጨርሱ፣ የእሱ በአራት ትናንሽ ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይቆይ ነበር። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ሰው የሚፈልገው ውድ ነገር ሳይሆን በቀላሉ የማይሞት ነገር መሆኑን ያ ሰው አውቆ ነበር።

የጌምቦዩ ካሴት ውስጥ ደግሞ ሳንቲም የምትመስል ክብ ባትሪ አለች። ተጫዋቹ የደረሰበትን ደረጃ የምታስታውሰው እሷ ናት። ከአሥራ አምስት ሃያ ዓመት በኋላ ስትሞት የልጁ ድካም ሁሉ አብሯት ይጠፋል። ጠጋኙ አሮጌዋን ነቅሎ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጥሏታል። ሳላስበው አንስቼ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከተትኳት። አያቶች ሆይ፣ ይህችን ልብ በሉልኝ። የሳንቲም ባትሪ በመጫወቻ፣ በሪሞት፣ በሰዓትና በመኪና ቁልፍ ውስጥ አለች። ሕፃን ከዋጣትና የምግብ ቧንቧው ላይ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች፤ «አሮጌ ናት፣ ሞታለች» ማለት አያድንም። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስመልሱት፤ እስኪወጣ እንጠብቅ አትበሉ፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

አዳፕተሩ ተገኘ። ጠጋኙ ከጠረጴዛው ሥር ጀርባው የወጣ አሮጌ ቴሌቪዥን ጎትቶ አወጣ። «በአዲሱም ይሠራል» አለ፤ «ሽጉጡ ግን በአዲሱ አይሠራም።» ለምን ስለው፣ ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለዓይን በማይታይ ፍጥነት ይጨልምና ዳክዬው ባለበት ቦታ ብቻ ነጭ አራት ማዕዘን ይበራል፤ ሽጉጡ አፈሙዝ ውስጥ ያለችው የብርሃን ዓይን ያንን ነጭ ካየች ተመታ ማለት ነው አለኝ። ስስ የሆኑት አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ምስሉን በጥቂቱ ስለሚያዘገዩ ዓይኗ ትታለላለች። እኛ ልጆቻችን የሚተኩሱ ሲመስለን፣ ሽጉጡ ሲያይ ኖሯል።

አበራው። ሙዚቃው መጣ።

ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ልጽፍ እችላለሁ፤ ስለዚያች ሙዚቃ ግን እንዴት እንደምጽፍ አላውቅም። ከአዳር ስመለስ በር ላይ ሆኜ የምሰማት እሷን ነበር። ልጄ ደኅና አድሯል፣ ነቅቷል፣ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ ማለት ነበረች። ከጠፋች ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ጸጥ ያደረግኳት ደግሞ እኔው ነኝ።

«ይሞክሩት ሲስተር» አለና ጆይስቲኩን ሰጠኝ። ማሪዮ ሮጠ፤ እንጉዳይ የመሰለ ነገር መጣና ነክቶት ሞተ። «ይዝለሉ እንጂ!» ይለኛል። በሁለተኛው ዘለልኩ። በሦስተኛው ሣጥኑን በራሴ መታሁና ሳንቲም አገኘሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ መመሪያም አላነበብኩም። እየሞትኩ ተማርኩ። ሱፐር ማሪዮ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲወጣ ጨዋታው በሙሉ 40 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ ከዚያ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ትርፍ ነገር ሊያስገቡ አይችሉም ነበር፤ ማስታወቂያ የለም፣ ክፈል የሚል የለም፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ሲበራ ይጀምራል፤ ሲጠፋ ጠፋ። መብራት ከሄደ ደግሞ የደረስክበት ሁሉ ሄዶ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። የአቃቂ ልጆች ይህን በደንብ ያውቁታል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄንም እየጠየቅኩ፣ ራሴም እያነበብኩ ጥቂት ነገር ተምሬያለሁ። ካሴት የሚቀየርበትን የመጀመሪያውን የቤት ጌም ያወጣው ቡድን መሪ ጄሪ ላውሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1976። ከዚያ በፊት ማሽኑ ከፋብሪካ ይዞት ከመጣው ጨዋታ ውጭ ሌላ አይቀበልም ነበር። ኔንቴንዶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1889 በኪዮቶ ካርታ እያተመ የጀመረ ድርጅት ነው፤ ፋሚኮም የተባለውን ማሽኑን ያወጣው በ1983 ነው። እሱና ለአሜሪካ የተሠራው ወንድሙ ተደምረው ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሽጠዋል። ወደ እኛ መርካቶ የደረሱት ግን በታይዋንና በቻይና የተሠሩ ርካሽ ቅጂዎቹ ነበሩ። የጃፓኑ ድርጅት ፋሚኮምን መጠገን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ቃሊቲ ላይ ግን ይኸው አሁንም ይጠገናል።

ልጄ እንደሚለኝ አሁን በውጭው ዓለም አሮጌውን የሚሰበስቡ፣ አዲስ ካሴት የሚያመርቱም አሉ። ኔንቴንዶ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሠላሳ ጨዋታ ያለበት ትንሽ ቅጂ አውጥቶ ነበር። ልጄ ያንን ገዝቶ ቤቱ አስቀምጦታል። «ግን ካሴት አይገባበትም እማዬ፤ ማዋስ አይቻልም» ብሎኛል። ይህች «ማዋስ» የምትለው ቃል ለምን እንዳልተዋጠችልኝ የገባኝ እዚያው ጠጋኙ ጋር ነው።

ሒሳቤን ከፍዬ ስነሳ ጠጋኙ ካሴቷን ገልብጦ፣ «ስም አለባት» አለኝ። ጀርባዋ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በልጅ የእጅ ጽሑፍ፣ ስም ተጽፏል። የልጄ ስም አይደለም። ከድልድዩ ማዶ የሚኖር የጓደኛው ስም ነው።

ቁጭ አልኩ። ያን ሳምንት በደንብ አስታወስኩት። ማሽኑን በደበቅኩ በሦስተኛው ቀን ልጄ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ገባ። «ወደቅኩ» አለኝ። አጠብኩለት፣ ደሙን አቆምኩለት። ከንፈሩ ከውስጥ በኩል በጥርሱ ተቆርጧል፤ መዳፉና ጉልበቱ ላይ ግን አንድም ጭረት አልነበረም። የሚወድቅ ልጅ እጁን ይዘረጋል፤ መዳፉ ይላጣል። ነርስ ነኝ፤ ቡጢና መውደቅ ለይቼ አውቃለሁ። አውቄም አልጠየቅኩትም። ከዚያ ወዲያ በራችንን የሚያንኳኳ ልጅ አልነበረም። ልጄ ቤት መዋል አበዛ፤ ደረጃው ተመለሰ፤ እኔም ቅጣቴ ሠራ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አበው። የወጋሁት እኔ ነበርኩ፤ ረስቼው ኖሬያለሁ።

ወደ አቃቂ ስመለስ ቤቴ አልገባሁም። ድልድዩን ተሻግሬ ወረድኩ። ክረምት ሲሆን የአቃቂ ወንዝ እዚህ አካባቢ ሞልቶ ሰው ያስጨንቃል፤ በኅዳር ግን ጎድሎ ነበር። እናትየው ቡና እያፈሉ አገኘኋቸው። ልጃቸው አሁን የተሳቢ ሾፌር ነው፤ በዚያች ሌሊት ከጅቡቲ መስመር ገብቶ አርፎ ነበር። ሦስት ልጆች አሉት። ቡናው ሳይቀዳ ካሴቷን አወጣሁና ሰጠሁት።

ገልብጦ ስሙን አየ። ከዚያ፣ ትልቅ ሰውዬ፣ ወደ አፉ አስጠግቶ እፍ ሊል ሆነ።

«ተው፣ አጽድቻታለሁ» አልኩት።

ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እትዬ፣ እኔ ነኝ የመታሁት» አለኝ። «ካሴቷን አባቴ ነበር የገዛልኝ። የት አደረስካት ብሎ ገረፈኝ። በማግስቱ እኔ ልጅዎን መታሁት። ‹ለቆራሌው ተሰጠ› ሲለን ማን ያምነዋል? ሌባ አልነው። ሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሌባ አለው።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ቢነግርዎትስ ምን ያደርጉለት ነበር? ቆራሌው ሄዷል።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ይቅር በለኝ ልጄ አልኩት። «እግዜር ይቅር ይበለን፤ ልጆች ነበርን» አለኝ። ልጆች የነበሩት እነሱ ናቸው፤ እኔ ግን ልጅ አልነበርኩም።

እናንተ ልጅና የልጅ ልጅ የምታሳድጉ፣ ስክሪን ይለቀቅ እያልኩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ ይመክራል፤ እኔም እመክራለሁ። የጌም ሱስም እውነተኛ ሕመም ሆኖ በድርጅቱ የበሽታዎች መዝገብ ገብቷል። ነገር ግን መዝገቡ ለሕመሙ ምልክት ያስቀምጣል፤ ልጁ ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከምግቡም ከትምህርቱም ከሰውም ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየ ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ሲቆይ። ልጄ አንድ መንፈቅ ደረጃው ወረደ እንጂ ይበላ ነበር፣ ይተኛ ነበር፣ ጓደኞች ነበሩት። ጓደኞቹን ያሳጣሁት እኔ ነኝ። ዕቃውን ከመውሰዴ በፊት አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ፣ «ይሄ የማን ነው?» ብለው ብቻ ኖሮ፣ ነገሩ ሁሉ ሌላ ይሆን ነበር። ገደብ ማበጀት የወላጅ ሥራ ነው። የማናውቀውን ነገር ስንቀማ ግን ከዕቃው ጋር ምን አብሮ እንደሚሄድ አናይም።

የዛሬ ልጅ እጅ ላይ ያለው ስልክ ደግሞ ከካሴት የባሰ ነው፤ ጨዋታው አያልቅም፣ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ከጓደኛ ጋር ጎን ለጎን አያስቀምጥም። የካሴት ጌም ሰውን አሁንም የሚስበው ለዚህ ይመስለኛል። ትይዘዋለህ፣ ትጨርሰዋለህ፣ ታጠፋዋለህ፣ ታውሰዋለህ። ሁለት ጆይስቲክ ስላለው ደግሞ ሁለተኛ ልጅ ይፈልጋል።

ማታ ለልጄ ደወልኩ። እዚያ ገና ቀን ነበር። «ለቆራሌው አልሰጠሁትም» አልኩት። የት እንዳስቀመጥኩት፣ ካሴቷን ለማን እንደመለስኩ፣ ስለ ከንፈሩም ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ እማዬ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ «እሱ ግን ደኅና ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ደኅና ነው አልኩት። ሾፌር መሆኑን፣ ሦስት ልጆች እንዳሉት፣ ለገና ካሴቷን ይዤ እመጣለሁ እንዳለ ነገርኩት።

ማሽኑን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጬ ጥልፍ ጨርቅ አልብሼዋለሁ። ካሴት የለውም፤ ካሴቷ ከድልድዩ ማዶ ናት። እስከ ገና የቀረውን ቀን እየቆጠርኩ ነው።